ሰረዝ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ካፖርቴን ደርቤ፣
የአባቴን ቦቲ ጫማ በሁለት ካልሲ ስቤ፣
እወጣለሁ ወደ ጓሮ፣
እንደ ትናንት፣ እንደ አምና፣ እንደ ድሮ።

የመዳብ ጣሳ ነው፣ ከሣሩ ላይ ስንዝር ብቅ ያለ፣
አፉን ለሰማይ ከፍቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት የዋለ፤
ከሆዱ ጠርሙስ አለ፣ ጠርሙሱን አወጣለሁ፣
በቀጭኗ ብርጭቆ ገልብጬ አያለሁ።
«የውሃ ፊት ጎድጓዳ ነው፣ ጠርዙ ያታልልሻል፣
ከጎድጓዳው ሥር አንብቢ፣ እሱ እውነቱን ይነግርሻል»
ይል ነበር አባቴ፣ ዐይኑ ደክሞ ደብተሩን ሲሰጠኝ፤
ከበግ፣ ከቤት፣ ከመሬት፣ ይህን ብቻ ነው ያወረሰኝ።

ዘንድሮ በኅዳር ጀመረ፣ በታኅሣሥም አላረፈ፤
ከሠላሳ አንድ ቀን ሃያ ዘጠኙን አርከፈከፈ።
እዚህ ዌልስ፣ ተራራ ሥር፣ ዝናብ ብርቅ አይደለም፤
ቢመጣ «ደህና መጣህ»፣ ቢቀር «ወዴት ነህ» የሚለው የለም።
የዘንድሮው ግን ሌላ ነው፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ቀለጠ፣
የደብተሬ ገጽ እንደ ሊጥ በእርጥበት አበጠ።
ሃያ ሁለት ነጥብ ስድስት። ሠላሳ አንድ። አሥራ ዘጠኝ።
(እሑድ አራት ብቻ ሆኖ፣ ጠርሙሱ የተሰነጠቀ መሰለኝ።)

ኤምሪስ በትራክተሩ በአጥሬ ሥር ሲያልፍ
«ስንት?» ይላል ጮሆ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሳያርፍ።
እነግረዋለሁ። ፊቱን ያጨማድዳል፣
እኔ ያዘነብኩት ይመስል «ቀንሺልን» ብሎ ይሄዳል።

በጥር አሥራ አራት ሌሊት
ጣራዬ ላይ የወረደው ዝናብ አይመስልም፣ ጠጠር ሲደፋ እንጂ።
ውሻው ከአልጋ ሥር አልወጣም። እኔም አልተኛሁም።
በባትሪ መብራት በመስኮት ሳይ፣ ጓሮ የለም፤
ወንዙ አጥሩን ዘሎ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ እየላሰ፣
የጎመን መደቤን ያቋርጣል፣ እንደ ቤተኛ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ውሃው ጉልበቴ ድረስ ነው።
ጣሳውን በእጄ ዳስሼ አገኘሁት።
ሙሉ ነው። እስከ አፉ።
ቡናማ፣ ቅጠል ያለበት፣ የበግ ፀጉር የተጠመጠመበት።

ኤምሪስ መጣ። አሥራ ሰባት በግ ጠፍቶበታል፣ ድምፁ ሰልሏል።
«ጻፊው» አለኝ። «ሁለት መቶ በይው። ከዚያ አያንስም፤
የእኔ ባልዲ ሞልቶ ፈሷል። ኢንሹራንሶቹ ቁጥር ይጠይቃሉ፣
ሬዲዮውም ክብረ ወሰን ተሰበረ እያለ ነው።
ያንቺ ጣሳ ያልመሰከረ ማን ይመስክርልኝ, ኔስታ?»

ዝም አልኩ። ምን ልበለው?
ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወንዝ ነው፤ ዝናቡ የቱ ጋ ነው?
ከሰማይ የወረደውን፣ ከተራራ ከተንደረደረው
የትኛው ብርጭቆ ይለየው?

ደብተሩን ገለጥኩ፤ ከቀኑ ትይዩ፣ በቁጥሩ ቦታ፣
አንዲት ሰረዝ አሰመርኩ፣ እጄ እያመነታ።
ከጎኗ በትንሹ፦ «ወንዙ ገብቷል። አልተለካም።»
ኤምሪስ አየው። አልተሳደበም። ሻይም አልጠጣም።

በየካቲት ደብዳቤ መጣ፣ በትሕትና የተጻፈ፦
«ከተራራው ማዶ ካሉ ጣቢያዎች አስልተን፣
ክፍተቱ መቶ አርባ ሦስት ተብሎ ታለፈ።»
ይሁን። በእነሱ ማህደር ይኑር።
በእኔ ደብተር ሰረዟ አለች፤
የሠላሳ ስምንት ዓመት ትልቁ ዝናብ፣ ያለ ቁጥር።

ኤምሪስ ስንት ሳምንት በሌላ መንገድ ዞረ።
ዛሬ ግን ሣሩን ስከረክም፣ ጣሳውን በውሃ ልክ ሳስተካክል፣
የሞተር ድምፅ ቀረበ፤ ሳይጠፋ ቆመ።
«ስንት?»
«ዜሮ ነጥብ ሁለት» አልኩት። «ምናልባት ጤዛ ነው።»
«ጤዛውንም ትጽፊያለሽ?»
ጻፍኩት።