የማክሰኞ ጀሪካን

ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ሌሊት ነው፤
የግቢው ቧንቧ ሲያስነጥስ የሚነቃው ገዛኸኝ ነው።
ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ግፊቱ እኛ ጋ አይደርስም፤
ሁለት ሁለቱን ይሸከማል፣ መሀል ላይ አያርፍም።
ሰባት ቢጫ ጀሪካን ኮሪደሩ ላይ ይደረድራል፤
«ለሳምንት ይበቃናል» ብሎ ትከሻውን ያሻል።

አይበቃንም።
አርብ ሲመሽ ሦስቱን እጄ ጨርሷል።

ታጥቤ ስጨርስ፣ ጆጉን የያዝኩበት አለ፤
ጆጉን ሳጥበው፣ ያጠብኩበት እጅ አለ፤
እጄን መልሼ ባጥበው፣ ሳሙናውን ማን ነካው አለ፤
ማን ነው «አለ» የሚለው?
ድምፅ የለውም። ግን አለ።

ለራሴ ፈርቼ አይደለም።
የገዛኸኝ ልጅ፣ ኤልዳና፣ ገና ጥርስ አላወጣችም፤
ባቅፋት፣ ሌሊት ብታተኩስ፣ ያስያዝኳት እኔ እንጂ ማንም አይደለም
እያልኩ፣ አምስት ወር ሙሉ እግሯን እንኳ አልነካሁም።

እናቴ አልቅሳ ጸበል ወሰደችኝ።
ሰባት ቀን ተጠመቅኩ፤ ስምንተኛውን ለመንኩ።
ውሃ ነበራ!
«ወደደችው፣ ልትድን ነው» አለች ለጎረቤት።

ቱሉ ዲምቱ፣ ጤና ጣቢያ፣ ክፍል ቁጥር ዐሥራ ሁለት፤
ሲስተር አመለወርቅ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት።
«ስም አለው» አለችኝ፤ «ኦሲዲ ይባላል፤ ብዙ ሰው አለው።»
«እርግማን አይደለም?»
«አይደለም። ጥያቄ ነው፤
በመለስሽለት ቁጥር የሚርበው።»

«ጭንቀትሽ ከዐሥር ስንት ነው?»
«ዐሥራ አንድ።»
«ዐሥር» ብላ ጻፈች።

ከዚያ የበሩን እጀታ ያዢ አለችኝ፣
ስንቱ በሽተኛ የጨበጠውን። ያዝኩት።
«አትታጠቢ። በቀሚስሽ አትጥረጊ።
በልብሽም አትታጠቢ።»
«ሰው ብገድልስ?»
«እርግጠኛ ልሆንልሽ አልችልም። ቁጭ በይ።

ጭንቀት ዳገት ነው፤ ቁልቁለትም አለው፤
አንቺ ግን ሁልጊዜ ወገቡ ላይ ‹ወራጅ አለ!› ትያለሽ፤
ጫፉን አንድ ቀን ሳታዪው ቀረሽ።»

ቁጭ አልኩ።
ውጭ ሲኖትራክ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤
አንድ ዝንብ መስታወቱን ሲለካ፣ ሲለካ ቆየ፤
መዳፌ ጉልበቴ ላይ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ መሰለ።
ሃያ ደቂቃ። «አሁን ስንት?»
«ሰባት» ሲል ሰማሁ፤ ማን እንዳለው ለማየት ዞርኩ።

የቤት ሥራዬ የደረጃው ብረት ነበር፦
ከሰል ሻጩ፣ ቀለም ቀቢው፣ አፍንጫውን የጠረገው ማሙሽ የሚይዙት ብረት፤
ከአራተኛ እስከ ምድር፣ ጣት ሳላነሳ መውረድ፤
ከሚኒባሱ ረዳት የላበ ዝርዝር መቀበል፤
በዚያው እጅ ዳቦ መቁረስ። መብላት።

ለገዛኸኝም ሰጠችው፤ የሱ ይከብድ ነበር።
በቀን ሃያ ጊዜ «ንጹሕ ነኝ?» ስለው
ሃያ ጊዜ «ንጹሕ ነሽ» የሚለኝ ወንድሜ
አዲስ ቃል ተማረ።
«ገዜ፣ ንጹሕ ነኝ?»
«እንጃ።»
ሲለኝ ፊቱን ያዞራል።
እንዲህ ጨክኖ የወደደኝ ሰው የለም።

ሁሌ አልሆነም። አንድ ቅዳሜ ኤልዳናን ጉንፋን ሲይዛት
እስከ እኩለ ሌሊት ታጠብኩ፤
ቆዳዬ ተሰነጠቀ፣ ጆጉን ደም ነካው፣
ደሙን ደግሞ ማጠብ ነበረብኝ።
ሲስተር አልተቆጣችም።
«እሺ፤ ከብረቱ እንጀምር።»

ባለፈው ሳምንት ከታክሲ እንደወረድኩ፣ እንዳለሁ፣
የኤልዳናን እግር ያዝኩ።
ዘጠኝ። ዘጠኝ። ስምንት ተኩል።
ረገጠችኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።
ገዛኸኝ የመጨረሻውን ጀሪካን በእግሩ ገፋ፤ አልተነቃነቀም።
ክዳኑን ከፍቶ አየ። ዘጋው። እንደገና ከፍቶ አየ።
«ነገ ውሃ ይመጣል፤ ይሄን ምን እናድርገው?»
«እንጃ» አልኩት።

ከዚያ ሄጄ እጄን ታጠብኩ።
አንዴ።
እሺ፤ ሁለቴ።