የቅበላ ቁልፍ

ወደቡ በረዶ ለብሶ፣ ጀልባው ከደጅ ተደፍቶ፣
የኒውፋውንድላንድ ነፋስ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ፣
ማክሰኞ መሸ። ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል፤
ዛሬ ግን ቅቤው ከነእንቁላሉ ማለቅ ይገባዋል።

የእናቴ የዶርካስ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ ዘንድሮ፤
"ጭልፋውን ያዢ" አለችኝ። ትእዛዟ ግን እንደ ድሮ፦
"ዱቄቱን ንፊው፣ ሁለቴ። ወተቱ ለብ ይበል ትንሽ።
አትቸኩዪ፣ አንቺ ልጅ፤ ማን አለ የሚያባርርሽ?
ቢጓጉል ተዪው፤ አታድቅቂው እንደ ሙቅ፤
ሊጥ እንደ ሰው ነው፣ ሳያርፍ ቢጠሩት አይስቅ።
የመጀመሪያው የመጥበሻው ነው፤ ይቃጠላል፣ አትዘኚ።
ፊቱ ዓይን ዓይን ሲያወጣ ገልብጪው፤ አንዴ። እኔን እመኚ።"

በእኛ መንደር በዚች ማታ ፓንኬክ ባዶውን አይጋገርም፤
ሊጡ ውስጥ ዕጣ አለበት፣ ሳያኝክ የሚውጥ አይማርም።
ሳንቲም የደረሰው ይከብራል፤ ምስማር ያገኘ ቤት ይሠራል፤
ቀለበት ጥርሱን የነካው ዓመት ሳይሞላ ይሞሸራል።
ቁልፏ ግን፣ የኮት ቁልፍ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ጥቁር፣
የነከሳትን ትቆልፈዋለች፣ ብቻውን እንዲኖር።

አጎቴ ሄድሊ ሠላሳ ዓመት ያቺኑ ቁልፍ ነከሰ።
ቤቱ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ በመሐረቡ አበሰ፤
"ለከርሞ ትሁንሽ" ብሎ ለእናቴ መለሰ።

አባቴ ቼስ ሞላሰስ ነው። ያዘንባል። ጥቁር ዝናብ።
ትንሹ ወንድሜ ሊአንደር ስኳርና ሎሚ፤ ጠቅልሎ ይውጣል፣ ምስማሩን ሳያስብ።
ጎረቤታችን ሴልቢ የአሳማ ጮማ በመጥበሻ
አቅልጦ ከነቅራፊው ያፈስበታል፤
"ጣፋጭ ለሕፃን ነው" ይላል፣ እስከ መጨረሻ።
ተከራያችን መምህርት ሲቢል በመስከረም ከኮረብታ
የለቀመችው ቀይ ፍሬ አላት፣ በብርጭቆ፣ ማርማላታ፤
ጥግ ሳታስቀር ትቀባለች፣ በቀይ እንደምታርመው ደብተር።
ሄድሊ ግን ባዶውን ነው፤ ቅቤ እንኳ ሳይጨምር።
"ማጣፈጫ ምን ያደርግልኛል? ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ።"
ቀልድ ነው ብዬ፣ እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ስቄአለሁ።

ዘንድሮ፣ ጭልፋው በእጄ፣ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፦
"ቁልፏ ያለችበትን ጫፉን ቆንጥጪው። ለሄድሊ ነች።"
"ዕጣ አልነበረም?"
ዝም። ምድጃው ብቻ ተናገረ።
"እንጨት ማን ይፈልጥልን ነበር? መረቡን ማን በቋጠረ?
አባትሽ ክረምት በጋ ባሕር ላይ፤ አንቺ የወር ልጅ፣ በእቅፌ፤
ወንድሜ አግብቶ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ፤ ቆለፍኩት በጭልፌ።"

ሊጡ ችስስ አለ፤ ዓይን አወጣ። ቁልፏን ወደ ሽርጤ ኪስ
ከተትኳት። ቀለበቱን ጣልኩ። ጫፉን ቆነጠጥኩ፣ ቀስ።

ሄድሊ ነከሰ። ማኘኩን ተወ። ቤቱ ለሳቅ አፉን ከፍቶ ጠበቀ።
በጣቱ አወጣው። ክብ ነው። ከመብራቱ ሥር ደመቀ።
የተጀመረው ሳቅ ሊአንደር ጉሮሮ ውስጥ ወደቀ።
እናቴ እኔን አየች፤ እኔ መጥበሻውን።
ሄድሊ እጁን ዘረጋ፣ ሞላሰሱን አልፎ፣ ጮማውን አልፎ፣
"መምህርት" አለ፣ ድምፁ ከጉሮሮው ተገፍፎ፣
"ከዚያ ማርማላታ... ከተረፈሽ።"
ብርጭቆውን ገፋችለት፣ ከነማንኪያዋ፣ ማንኪያውን ሳትጠርግ።
እሱም ቀባ። መሐሉን ብቻ። እንደ ጀማሪ፣ ሲፈራ፣ ሲጠነቀቅ።

ሰሃን ሳጥብ፣ እኩለ ሌሊት፣ ቁልፏ ከኪሴ ዱብ አለች።
እናቴ ጎንበስ ብላ አነሳቻት፤ በብርሃን አየች።
የሄድሊ የክት ኮት ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፣ ሠላሳ ዓመት፣
ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ጎድሎት፣ ነፋስ እየገባበት።
"መርፌ አምጪ" አለች።
እጇ ተንቀጠቀጠ። ክሩን አስገባሁላት።