ሹካ ወደ ላይ፣ ሹካ ወደ ታች

አሮጌው ማጠቢያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት
አገልግሎ ሞተ፣ በማክሰኞ ሌሊት፤
ወለሉ ላይ ውሃውን ትቶ እንደ ዕዳ።
ቬይኮና ሲርፓ ወጡ ሊገዙ ማለዳ።

ኦውሉ የካቲት ነው፤ በረዶው ከጉልበት፣
አውቶቡሱ ሙቅ ነው፣ ማንም አይናገርበት።

ሱቁ ውስጥ በረድፍ ቆመዋል ማሽኖች
በራቸውን ከፍተው፣ እንደሚያዛጉ ሰዎች።
ሻጩ ኤቱ ይባላል፤ ጢሙ ገና ጭረት፣
ዴሲቤል ይቆጥራል፣ ሊትር፣ የዋስትና ዓመት፤
«ይህቺ ሹክሹክታ ናት፤ ያቺ ውሃ ቆጣቢ፤
ይህኛው በስልክ ይታዘዛል፣ ራሱ አሳቢ።»

የሁለቱ ዐይን ግን ሌላ ቦታ ነበር፦
ከሹካው ቅርጫት ላይ፣ ከጥንቱ የጠብ ድንበር።
እሱ ሹካ ሰካኪ ጥርሷን ወደ ሰማይ፣
«አንጋጣ ካልታጠበች አትጠራም» ባይ፤
እሷ ቀስ ብላ መጥታ፣ አንድ በአንድ ደፍታ፣
«እጅ ይወጋል» ትላለች፣ ዞር ብላ ለአንዳፍታ።
እሱም ሌሊት ተነሥቶ፣ በካልሲ፣ ያለ መብራት
መልሶ ያቆማል፤ እንዲህ ነጎዱ ዓመታት።

ኤቱ ከላይ ሳበ ሦስተኛ መሳቢያ፣
ጠፍጣፋ፣ ለሹካ የተሠራ ማረፊያ፤
«እዚህ ይጋደማል፤ ላይ የለም፣ ታች የለም»
አለ። ባልና ሚስቱ ትንፍሽ አላሉም።
እንደ ከሳሽ ተከሳሽ፣ ችሎት ድንገት ፈትቷቸው፣
ከእንግዲህ መንገዱ ወዴት እንደሁ ጠፋቸው።

ሲርፓ ዋጋ ጠየቀች፤ ቬይኮ ካርድ አወጣ፤
ቀጠሮም ተያዘ፣ ዓርብ ማለዳ ሊመጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ዝም አሉ፣ ድልድዩ እስኪያልፍ ድረስ።
መስኮቱን እየጠረገ በጓንቱ ቀስ በቀስ፣
«ቢላውስ?» አላት ቬይኮ፣ «ስለቱ ወደ የት ነው?»
«ወደ ግራ» አለች።
                    «ተሳስተሻል!»
                                    ደስ አለው።