ቁጥር አሥራ አራት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
ካሊፐር በኪሴ፣ በቦዩ ጎዳና፣
ደብተሬን ታቅፌ ከዛፎቹ መሐል እገባለሁ፤
ቀይ ክር ያሰርኩበትን ፍሬ እፈልጋለሁ፤
እንደ ልብስ ሰፊ ወገቡን እለካለሁ።
«ሠላሳ አንድ ተኩል፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ…»
ጮክ ብዬ እላለሁ፣ እስክጽፍ እንዳልረሳ።

እዚህ ሪዮ ኔግሮ ዳር በጋው የሚገባው በታኅሣሥ ነው፤
ገናን በላብ እናከብራለን።
ከሸለቆው ወዲያ ነፋስና እሾህ፣
ከሸለቆው ወዲህ ፒር፣
ፒር፣ ደግሞም ፒር።

ዶን ሩጄሮ ቁጥር እንጂ ፍሬ አይጠይቀኝም።
«ዴሊያ፣ ለጥር አጋማሽ ስንት ሚሊ ትደርሳለች?
ስንት ሣጥን ልዘዝ? ስንት ለቃሚ ልጥራ?
መርከብ እንደሆነ ለማንም አይቆምም።»
ያለፈውን ከዛሬው ቀንሼ ለሰባት አካፍላለሁ፤
አበባው ከፈነዳ ወዲህ ያለፉትን ቀናት እቆጥራለሁ፤
መስመሩ በወረቀቱ ላይ ሽቅብ ይወጣል፣
ሐሳቡን እንደማይለውጥ ሰው።
«ስልሳ ሁለት» እላለሁ።

አባቴ ሴጉንዶ ካሊፐር አያውቅም።
አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በፍሬው ዙሪያ አገናኝቶ
«ገና ናት» ይል ነበር፤ ወይም «ደርሳለች»።
አንድ ዓመት ተሳሳተ።
አርባ ለቃሚ ከቺሌ ተራራ ተሻግሮ መጥቶ
ዐሥር ቀን ሙሉ ጥላ ስር ካርታ ተጫወተ፣
ሳይሠራ በላ፣ ሳይሠራ ተከፈለ።
ከዚያ ወዲህ ጣቱን ያመነ የለም።
ጣት ሲሳሳት ያፍራል፤
ብረት አያፍርም።

ዘንድሮ ግን አሥራ አራት መስመሩን አልሰማ አለች።
ሰባተኛው ዛፍ ላይ፣ በቦዩ በኩል፣ በቅጠል ተከልላ፣
ጓደኞቿ ሦስት ሚሊ ሲጨምሩ እሷ አንድ፣
በሌላው ሳምንት ዜሮ።
ካሊፐሩን በቀሚሴ ጠረግኩት፣ ደግሜ ለካሁ፦
አርባ አራት ነጥብ ሁለት።
አርባ አራት ነጥብ ሁለት።
«ሰርዢያት» አለ ዶን ሩጄሮ፣ «አማካዩን ታበላሻለች።»
አልሰረዝኳትም።
አማካይ ማለት እኮ የሌለች ፒር ናት፣
በየትኛውም ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የማታውቅ።

ጥር አጋማሽ መጡ፤ መሰላል ተተከለ፣
ከረጢቱ ባንገት፣ ባንገት ተንጠለጠለ፤
ትራክተሩ ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤
አቧራው ከኋላው ተነሣ፣ ወረደ።
አማካዩ ስልሳ አንድ ነጥብ ስምንት ወጣ።
ዶን ሩጄሮ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፤
ጉርሻ ሰጠኝ፣ ትንሽ።

ፒር ግን እንደ ኮክ ዛፏ ላይ አትበስልም።
ድንጋይ ሆና ትለቀማለች፣ ድንጋይ ሆና ትጫናለች፤
የምትለሰልሰው ከባሕር ማዶ፣
ስሙን የማላውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።
ወገቧን እስከ ነጥብ ድረስ ተንብያለሁ፤
ጣዕሟን ማን እንደሚያውቅ እንጃ።

አሥራ አራትን አንዱ ለቃሚ ከሣጥን አውጥቶ
«ይቺ ለጭማቂም አትሆን» ብሎ ከነክሯ ወረወራት።
አነሳኋት።
ከደብተሩ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት፣ ረሳኋት።
በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ፣
አባቴ መነጽሩን ሲፈልግ መሳቢያውን ከፈተ፤
አንገቷ ስር በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋትና
«ደርሳለች» አለ።

ቢላ አላመጣንም።
ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ፤
ደብተሩ ላይ፣ ከቁጥሯ ፊት ለፊት፣
የሚያጣብቅ የጣት አሻራ ቀረ።

ማክሰኞ ወደ ፓካሞቹ እመለሳለሁ።
እነሱ ገና ሃምሳ አምስት ናቸው።