ተጠየቅ

ተጠየቅ አንተ ብልቃጥ፣ ሆድህ ውስጥ ባክቴሪያ የተኛ፣
አርሰኒክ ሲነካው ነቅቶ የሚያበራ እንደ ዘበኛ፤
ዳኛህም እኔ፣ ከሳሽህም እኔ፣ ጸሐፊህም የወር ደሞዘኛ፣
ኒሉፋር እባላለሁ፤ ዳካ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የውሃ ምርመራ ሠራተኛ።

መጀመሪያ ባዶ ውሃ ሰጠሁህ፣ ሦስት ጊዜ የተነጠረ።
ዝም አልክ። ደግ።
ዝምታን የማያውቅ ምስክር ሲናገር መቼ ከበረ?

አምስት፣ አሥር፣ ሃምሳ አስቀመስኩህ፣ በገዛ እጄ መጥኜ፤
መጠኑ ሲወጣ ብርሃንህ ወጣ፤ መስመሩን ሳልኩት አምኜ፤
ከአምስት በታች አንደበትህ ታሰረ፤ እሱንም ጻፍኩት አዝኜ።

ያንኑ ጥያቄ ሰባት ጊዜ፣ እንደ ነገረኛ ጠበቃ፤
ሰባቴም ያንኑ መለስክልኝ፣
ለዓመል ብቻ ብትንቀጠቀጥ፣ ቃልህ እንደ ሸክላ ሳይነቃ።
ብረት አመጣሁ፣ ፎስፌት አመጣሁ፣ ጉቦ አድርጌ በጠብታ፤
ፊትህን አዞርክ። ወደድኩህ፣ እውነቴን ነው፣ በዚያች ማታ።

ከዚያ ኖላዳንጋ ወረድን፤ ጀልባ፣ ጭቃ፣ የሜግና ሙላት፤
አንተ በበረዶ ሣጥን፣ እኔ ራስ በሚበሳ ሙቀት።
አርባ የእጅ ቧንቧ፣ አርባ ደጃፍ፤
ደህና ላልከው አረንጓዴ፣ ክፉ ላልከው ቀይ አፍ።

የዓሣ አጥማጁ የኒታይ ሚስት፣ የማሎቲ አረንጓዴ ወጣ።
እልል ብላ በናስ ኩባያ ቀዳችልኝ፤ ቃልህን ያመነ ለምን አይጠጣ?
ጠጣሁ። ቀዝቃዛ፣ ለምላስ የሚጥም፤
ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ባውቅም።

በሳምንቱ ትልቁ መሣሪያ ፈረደ፤ ሠላሳ ዘጠኙን አጸናልህ፤
አንዷ፣ የማሎቲ፣ ስልሳ ሁለት፤ እዚያ ላይ ዋሸ ቃልህ።
አለቃዬ ዶክተር ሾምሸር ደስ አለው፦ «ከመቶ ዘጠና ሰባት ተኩል!»
ተኩል የሚባል ሰው አላየሁም፣ በኖላዳንጋ በየትም በኩል።

ተጠየቅ! ምን ነካህ ያን ቀን? …
ቆይ። ቆይ።
እኩለ ቀን ላይ፣ ከሃያ ስድስተኛው ደጅ ስንወጣ፣ ራሴን ሲያዞረኝ፣
ከሣጥንህ በረዶ አንስቶ ግንባሩ ላይ የያዘ ማን ነበር? እኔው ነኝ።
የላይኛውን ረድፍ ፀሐይ አገኘው፤ የማነጻጸሪያውን ጠብታ ዘለልኩ፤
«ሰባቴ ተጠይቆ የለ?» አልኩ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፣ የሙቀቱን ገደብ፣ ስሜንም ጭምር።
ነገ በንጋት ጀልባ እሄዳለሁ፤ ቀይ ቀለም፣ ሁለት ቆርቆሮ፤
አረንጓዴው ከሥር እንዳይታይ
አንዴ መቀባት አይበቃም።