የማክሰኞ ውሃ

እኔ ቧንቧ ሠሪ ነኝ፤ ጸሎት አልደጋግም፤
ከእናቴ ቀብር ወዲህ ደጁንም አልረግጥም።
የጠሩኝ ለማሞቂያ ነው፤ በጥር፣ ማክሰኞ ማታ፣
በግዳንስክ ወደብ ላይ ክሬኑ በነፋስ ሲንገላታ።

የደብሩ ደወል ከተሰነጠቀ አምስት ዓመት ሆኖታል፤
ለማሠሪያው ገንዘብ የሰጠ አንድ ነጋዴ ነበር ይባላል፤
አባ ታዴኡሽ ደጁ ሄደው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣
«ደወል ሰው ይጠራል፤ የመጣውንስ ምን ያሞቀዋል?» አሉት።
ገንዘቡ ማሞቂያ ሆነ።
ያ ማሞቂያ ነው ዛሬ የቆመው፤
ብሎኑን እየረገምሁ ጎኑን የምፈታው።

ምድር ቤቱ ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው አለ፤
እርጥብ ሱፍ፣ ያደረ ቮድካ፣ የአሮጌ ትምባሆ ጠረን።
ሲስተር ብሮኒስዋቫ በትልቅ ጭልፋ ሾርባ ትቀዳለች፤
ሦስተኛ ጊዜ የተሰለፈውን አይታ እንዳላየች።

ከጥግ አባ ታዴኡሽ፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ፣
ከጉልበታቸው ፎጣ፣ ከፎጣው የሰው እግር፤
በእጃቸው ከእንስሳት ሐኪም የለመኑት መቁረጫ፣
ለበግ ሰኮና የተሠራ፤
የመድኃኒት ቤቱ አልበገረውም ነበርና፣
ክረምት ሙሉ ያልተነካውን የመንገድ ሰው ጥፍር።
ስባሪው እየተፈናጠረ መነጽራቸውን ይመታል።

ሌሼክ ግን «አላወልቅም» አለ።
የመርከብ በያጅ ነበር ሌሼክ፤
እሱ የበየደው ብረት ዛሬም ውቅያኖስ ያቋርጣል፤
ጫማው ከኅዳር ወዲህ ከእግሩ ተለይቶ አያውቅም።
«ይቅርብኝ አባ፤ ይሸታል» አለ፣
ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ።
ሽማግሌ እንዲህ ሲያፍር አይቼ አላውቅም።

እኔ ስብከት ጠብቄ ነበር። ጥቅስ። ወይም ቁጣ።
አባ ጎንበስ ብለው የገዛ ጫማቸውን ፈቱ፤
ካልሲያቸው ተቀዷል፤ አውራ ጣታቸው ብቅ ብሎ ወጣ።
«የኔስ ሽቶ ሽቶ ይላል?» ብለው እግራቸውን አነሡለት።
ሌሼክ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ።
ሳሉ ሲበርድለት ክሩን ፈታ።

ያየሁትን አልናገርም፤ እግሩ የራሱ ነው።
«አንተ፣ ባትሪ ይዘሃል አይደል? ና፣ አብራልኝ» አሉኝ።
ተንበረከክሁ፤
ከሃያ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ለመስቀሉ አይደለም፣
አባ በደንብ እንዲታያቸው።
ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ በእኔ እጅ።
እንደዚያ ሌሊት ቸኩዬ ብሎን አጥብቄ አላውቅም።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ቧንቧው ሳለ፣ አጉረመረመ፣ ፈላ።

ሒሳቤን ጠየቅሁ። ቅዱስ አይደለሁም፤ ልጆች አሉኝ።
ግማሹን ተቀበልሁ፤ ከሙዳየ ምጽዋት የወጣ ሳንቲም ነበር፤
ሳምንት ሙሉ ኪሴን አከበደው።

ጸሎተ ሐሙስ መጣ፤ ከኋላ ቆሜ አየሁ።
አሥራ ሁለት የደብሩ ሹማምንት በተርታ ተቀምጠው፣
ከቤታቸው ታጥበው የመጡ እግሮች፣ ሳሙና ሳሙና የሚሉ፤
አባ በብር ኩስኩስት አፈሰሱ፤ መዘምራን አዜሙ፤
ሳህኑ ሲነሣ ውሃው እንደ ገባ ወጣ፣ ጥርት ብሎ።
ሌሼክ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፦
«የኛ የማክሰኞው ውሃ ጠቆር ይል ነበር» አለኝ።

ሌላው ዜማውን ይሰማል።
እኔ የማዳምጠው ከወለሉ ሥር የሚያጉረመርመውን ነው፤
ድምፁ ደህና ነው። ለክረምቱ ግን አንድ ጎማ መቀየር አለብኝ።