አፈርሳታ በናሃሪያ

በላቲን ፊደል አላነብም፤ ስምሽን በዕብራይስጥ ነው ያወቅሁት፣
ከሟች ሴት መደርደሪያ ላይ፣ አቧራውን አራግፌ ያነሣሁት።
ናሃሪያ፣ የአረጋውያን ቤት፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ርቆ፣
የሌሊት ዘበኛ ነኝ እኔ፣ ወገቤ ወንበር ላይ ደርቆ።

ክፍል አሥራ ሰባት ነበሩ፣ ወይዘሮ ሄድቪግ የሚባሉ፤
ልጃቸው ሰዓቱን ወስዶ፣ «መጻሕፍቱ» አለ «ይጣሉ»።
አልጣልሁም። በየኅዳጉ የእሳቸው እርሳስ አለ፦
ገጽ አርባ፣ «ሐኪሙ ነው»፤ ገጽ መቶ፣ «ኧረ ተሳሳትሁ፣ ማነው ታዲያ የገደለ?»
በዘጠና ዓመታቸውም አንቺን አልቀደሙሽም፤
እኔም በሃያ ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ቀን አልደረስሁብሽም።

ግን አንዴም አልዋሸሽኝም። ቁልፉን ፊቴ ነው ያኖርሽው፣
በደረቀው ጃንጥላ ውስጥ፣ በዝናብ ቀን የሰቀልሽው፤
እኔ ሰሙን ስልስ፣ ወርቁን ከእግሬ ሥር የጣልሽው።

መጨረሻው ላይ፣ ሁሉን እልፍኝ ሰብስበሽ በሩን ስትዘጊ፣
«ይሄማ አፈርሳታ ነው!» አልሁ፤ አገሬን አገኘሻት ሳትፈልጊ።

አንድ ክረምት በቅሎ ጠፍታ፣ አገሩ ሁሉ ሜዳ ወጣ፤
ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ተቀምጦ፣ «አውጡ» ቢባል ማን ያውጣ።
በሦስተኛው አንድ ጣት ተነሣ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም አሥር፣
ወደ ቀጥቃጩ ጀምበሬ፣ ወደ አባቴ፣ ከዋርካው ሥር።
ማስረጃ? ከፍም መዋሉ። ማስረጃ? ዓይኑ መቅላቱ፣
ማታ ጅብ ይሆናል መባሉ፣ እሱም፣ አባቱም፣ አያቱ።

በቅሎዋን ከፈለ።
በዓመቱ አጥንቷ ገደል ሥር ተገኘ።
ወደ ቤታችን ማንም አልመጣም።

አንቺ ግን፣ እመቤቴ፣ ቤቱ ሁሉ መንገደኛውን ሲከስ፣
ስሙ ለምላስ ያልተመቸ፣ ዓይን ሁሉ በእሱ ላይ ሲፈስ፣
«ቆዩ» ትያለሽ፤ «ጃንጥላውስ?»

ባለፈው ሳምንት ክፍል ዘጠኝ ቀለበት ጠፋ ተባለ፤
ስሜን የጠራ የለም። ዓይን ግን ወደ ወንበሬ አዘነበለ።
እኔም እንደ አባቴ አልማልሁም። ጠየቅሁ፦ «ማክሰኞ ነፍሶ ነበር።
ጓንታቸውስ?»
ቀለበቱ ጓንቱ ጣት ውስጥ ነበር። ሰማያዊ የሱፍ ጓንት።
ይቅርታ ያለኝ የለም፤ ሥራ አስኪያጇ ብቻ ብስኩት አመጣችልኝ።

በዚያች ሌሊት ሃያ ሦስተኛውን ገለጥሁ። ከሄድቪግ እርሳስ ሥር
በአማርኛ ጻፍሁ፦ «አትክልተኛው አይደለም፤ ሁሉም እሱን ስላሉ።»
ገጽ ሁለት መቶ አሥር።
አትክልተኛው ነበር።

ብቻዬን ሳቅሁ፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ።
ለእኔ ብለሽ እንኳ አላዳላሽም።